ፍራንክፈርት ዳገት ላይ ናት

ሺንሺቾ ውስጥ ከፍራንክፈርት ለንደን በአውሮፕላን ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ የማያውቅ ሰው ካገኛችሁ፣ ወይ ለከተማው እንግዳ ነው፣ ወይ ልጆቹ ገና የወተት ጥርሳቸውን አልነቀሉም። አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ገደማ ነው። ሕፃን ሽማግሌው ያውቀዋል። ከሺንሺቾ ሆሳዕና በመኪና ስንት እንደሚፈጅ ግን ማንንም ብትጠይቁ ቁርጥ ያለ መልስ አታገኙም። ሾፌሩን ብትጠይቁት «እንደ መንገዱ ነው» ይላችኋል። መንገዱ አፍ ቢኖረው ኖሮ «እንደ ሾፌሩ ነው» ይላችሁ ነበር።

ይህ ሁሉ የሰማይ እውቀት ከየት መጣ ትሉ ይሆናል። ከልጆቻችን ነዋ! በከምባታና በሀዲያ አንድ ሰው እንኳ ባሕር ማዶ ያልላከ ቤት ለማግኘት በመብራት መፈለግ ነው። የሚበዙት ደቡብ አፍሪካ ናቸው፤ ጥቂቶቹ ደግሞ አውሮፓ ደርሰዋል። ልጁ አንዴ የረገጠው ኤርፖርት ከዚያ ቀን ጀምሮ የቤተሰቡ ርስት ይሆናል። አንዲት ጎረቤቴ አሉ፣ በዕድሜያቸው ከዱራሜ አልፈው አያውቁም። «እኛ እንኳ ሁልጊዜ በሂትሮው ነው የምንገባው፤ ጋትዊክ አይስማማንም» ይላሉ። «ምኑ ነው ያልተስማማዎት?» ስንላቸው ፊታቸውን ጨምደድ አድርገው «ወረፋው» አሉ። እኔም ብሆን የእህቴ ልጅ አምስተርዳም ከገባ ወዲህ ስኪፖልን የሚያማ ሰው ፊት ዝም ብዬ አላልፍም።

ባለፈው እኛ ቤት ቡና ላይ የተነሳው ክርክር ግን ከሁሉም ይበልጣል። ፍራንክፈርት የሚሠራ የጎረቤት ልጅ ለዘመድ ሠርግ ወደ ለንደን ሊሄድ ነውና የትኬቱን ፎቶ በቴሌግራም ለእናቱ ልኳል። እናት ስልኩን ለጡረተኛው መምህር ለጋሼ ሰጡ። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ፦ ከፍራንክፈርት መነሻ 10:00፣ ለንደን መድረሻ 10:40። ቤቱ ጸጥ አለ። አርባ ደቂቃ! ከዚያ ወደ መልሱ ወረዱ፦ ከለንደን መነሻ 12:00፣ ፍራንክፈርት መድረሻ 14:40። ሁለት ሰዓት ከአርባ! ያው መንገድ፣ ያው አውሮፕላን።

አንዱ «ሲመለስ ነዳጅ ይቀዳ ይሆናል» አለ። ሌላው «የሚመለሰው ዕቃ ጭኖ ነው፣ ይከብደዋል» አለ። በመጨረሻ ቆሎ ስትቆረጥም የነበረችው የቤቱ እመቤት ነገሩን ቋጨችው፦ «ምን ያከራክራል? ፍራንክፈርት ዳገት ላይ ናት። ወደ ለንደን ቁልቁለት ነው።»

ሁላችንም ተስማማን። በአምበርቾ ግርጌ ላደገ ሰው ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይመጣለትም፤ የተራራውን 777 ደረጃ የወጣም የወረደም ልዩነቱን በጉልበቱ ያውቀዋል። ጋሼ ብቻቸውን ቀሩ። «ተዉ እንጂ! ጀርመን በሰዓት አቆጣጠር ከእንግሊዝ በአንድ ሰዓት ትቀድማለች። ሄደም መጣም አንድ ሰዓት ከአርባ ነው። ርቀቱ 650 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ዳገት የለውም» ብለው በጣታቸው ትሪው ላይ ካርታ ሣሉ። አልሰማናቸውም። «እንዲያውም» አሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «በዚያ አገር ከፍታ ላይ ነፋሱ የሚበዛው ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ስለሆነ፣ ከለንደን ወደ ፍራንክፈርት ሲመጣ ትንሽ ይፈጥናል።» እመቤቲቱ ሁለተኛውን እየቀዳች «አያችሁ? ዳገቱን ነፋስ እየገፋው ነው የሚወጣው» አለች።

የሰዓት ነገር ከተነሳ አይቀር፣ ከቦሌ የሚነሳ ትኬት የሚያመጣብንን ጣጣ ማን ይናገረው። ወደ አውሮፓ የሚሄዱት አውሮፕላኖች አብዛኞቹ እኩለ ሌሊት አካባቢ ነው የሚነሱት። ትኬቱ «ማክሰኞ 00:30» ይላል። ይህንን ዜሮ ዜሮ የሚባል ሰዓት እኛ አናውቀውም፤ የእኛ ቀን የሚጀምረው ዶሮ ጮኾ ወገግ ሲል ነው። ስለዚህ ቤተ ዘመድ ይሰበሰባል። ግማሹ ስድስት ይደምራል፣ ግማሹ ስድስት ይቀንሳል፣ አንዱ የቀንና የሌሊቱን ለይቶ ሊያስረዳ ይሞክርና ራሱ ይጠፋል። በመጨረሻ የሚጸድቀው ውሳኔ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ለማንኛውም በጊዜ እንድረስ!» በዚህ መልክ ስንቱ መንገደኛ ቦሌ ደጃፍ ሙሉ ቀን ተገትሮ ውሏል።

ይህ እንግዲህ ቀኑን ያገኙት ናቸው። በአንድ ቤት የሆነውን ልንገራችሁ። «ማክሰኞ ሌሊት ነው» ተብሎ በግ ታረደ፣ ቆጮው ተጋገረ፣ ጸሎት ተደረገ፣ መጋቢው መረቁ፣ እናት አለቀሱ። ማክሰኞ ንጋት ላይ ሚኒባስ ሙሉ ሰው ወደ አዲስ አበባ ሸኘው። ማታ ቦሌ ሲደርሱ በር ላይ ያለው ጥበቃ ትኬቱን አይቶ «ይሄ እኮ ሄዷል» አለ። አጎቱ ተቆጡ፦ «እንዴት ይሄዳል? ማክሰኞ እኮ ገና አላለቀም!» አውሮፕላኑ የሄደው ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ፣ እነሱ በጉን ገና ሲያወራርዱ ነበር። ልጁ ተመለሰ፣ ቅጣት ተከፍሎ ሌላ ቀን ተቆረጠ። ያለ ሽኝት መሄድ ደግሞ ነውር ነውና ሌላ በግ ታረደ። የልጁ አባት እስከ ዛሬ ያንን ትኬት ሲያነሱ ይናደዳሉ። እኛ ጎረቤቶች ግን፣ እውነት ለመናገር፣ ዜሮ ዜሮ የሚባለውን ሰዓት የወደድነው ከዚያ ቀን ወዲህ ነው።

ደግሞ ያ ሚኒባስ! በፍራንክፈርትና በለንደን መካከል ያለውን ደቂቃ የምንቆጥር ሰዎች መናኸሪያ ስንደርስ ሌላ ፍጥረት ነው የምንሆነው። መኪናው የሚነሳው ስንት ሰዓት ነው? ሲሞላ። መቼ ይሞላል? «አንድ ሰው ብቻ ነው የቀረው!» ይህን ቃል ረዳቱ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ይላል፣ ሦስት ተኩል ላይም ይላል። ገብታችሁ ስትቀመጡ ወንበሩ ሁሉ ተይዟል፤ ደስ ይላችኋል። ከዚያ አንድ ሌላ የዋህ ሲገባ አጠገባችሁ የነበረው ጎልማሳ ተነሥቶ ይወርዳል። ሌላ ሲገባ ሌላው ይወርዳል። መኪናው ውስጥ ከነበሩት ውስጥ እውነተኛ መንገደኛ እናንተና አንዲት ዶሮ ብቻ እንደነበራችሁ የምትረዱት ያኔ ነው። የሚገርመው ነገር ሁላችንም ይህን እናውቃለን፤ በሚቀጥለው ሳምንትም «አንድ ሰው ብቻ» ሲባል ያ አንድ ሰው እኛ የሆንን መስሎን ሮጠን እንገባለን።

ከአውሮፓ ለእረፍት የመጣ ልጅ ደግሞ አለ። ሆሳዕና ደርሶ ስልኩን አየና «ጉግል እንደሚለው ከአዲስ አበባ እስከዚህ 230 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ እኔ በአውሮፕላን ከፍራንክፈርት ለንደን ሄጄ፣ ሻይ ጠጥቼ፣ ተመልሼ እገባ ነበር» ብሎ ተማረረ። በዓለም ገናና በቡታጅራ በኩል ሲመጣ መንገድ ላይ የቆመበትን ሁሉ ቆጠረልን፤ ፍየል፣ ፍተሻ፣ ሠርግ፣ ጎማ። አዘንንለት። ጋሼ ግን አላዘኑም። «አንተ ልጅ፣ ፍራንክፈርት ላይ ከቤትህ ስንት ሰዓት ትወጣለህ?» ብለው ጀመሩ። ከበረራው ሦስት ሰዓት አስቀድሞ። ኤርፖርት እስክትደርስ? አርባ ደቂቃ። ፍተሻ? ጫማ ማውለቅ? ሻንጣ መጠበቅ? ለንደን ከኤርፖርት እስከ እህትህ ቤት? ልጁ በስልኩ ደመረ፤ ሰባት ሰዓት ሊሞላው ምንም አልቀረው። ጋሼ ጋቢያቸውን አስተካክለው «እኛ ዘንድ ቢያንስ ቢያንስ ጫማ አናስወልቅም» አሉ።

ጋሼ የነገሩን ሌላም ነገር አለ፤ እኔ በበኩሌ አጥንቴ ውስጥ ገብቷል። አየር መንገዶች የበረራውን ጊዜ ሲጽፉ ሆን ብለው ጥቂት ደቂቃ ይጨምሩበታል አሉ። አውሮፕላኑ ዘግይቶ ቢነሳ እንኳ በሰዓቱ ደረሰ እንዲባል። ሲቀድም ደግሞ ፓይለቱ በድምፅ ማጉያ ይኮራል፣ ሰው ያጨበጭባል። አያችሁ ጥበብ! ፈረንጅ ሰዓቱን አስፍቶ ይዋሻል፤ እኛ አጥብበን እንዋሻለን። «የት ደረስሽ?» ስትባል ፊቷን እየታጠበች «ደርሻለሁ፣ እያየሁህ ነው» የማትል የሺንሺቾ ሴት ካለች ትምጣ። «ባጃጅ ውስጥ ነኝ» ማለት ጫማዬን እየፈለግሁ ነው ማለት ነው። «አምስት ደቂቃ» ማለት ገና አልወሰንኩም ማለት ነው። ጠባቂውም የዋዛ አይደለም፤ «ቆሜ እየጠበቅሁሽ ነው» ያለውም ከአልጋው አልተነሳም። ሁለታችንም በእኩል ዘግይተን እንገናኛለን፣ ማንም ማንንም አይቀየምም። አየር መንገዶቹ ይህን ለማግኘት ስንት ባለሙያ ቀጥረው ይደክማሉ።

ውሸትን ካነሳን፣ በኤርፖርት ስም የሚዋሸውንም እናንሳ። ለንደን ስድስት ኤርፖርት በስሟ ታስጠራለች፤ ከሂትሮው ጋትዊክ ብቻ በመኪና 65 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በሂትሮው ገብታ በጋትዊክ ልትወጣ የነበረች ዘመዳችን «በመሐል አራት ሰዓት አለኝ» ብላ ስትጨነቅ፣ «አንድ ግቢ አይደለም እንዴ? በአጥር ዘለል በዪ» ያልናት እኛው ነን። ጀርመን አገር ደግሞ «ፍራንክፈርት ሀን» የሚባል አለ። ስሙ ፍራንክፈርት ይላል፤ ከፍራንክፈርት ያለው ርቀት ግን 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይህ ማለት ቡታጅራ ላይ አራግፈው «አዲስ አበባ ገብተናል፣ ውረዱ» እንደማለት ነው። ይህን ስሰማ ትንሽ ተጽናናሁ። ጀሞ ላይ አውርደውን «መርካቶ እኮ እዚሁ ጋ ነው» የሚሉን ረዳቶች ለካ የውጭ ልምድ ቀስመው ነው።

ከዚህ ሁሉ ኤርፖርት ግን በእውነት የእኛ የሆነው የጆሃንስበርጉ ነው። ከቦሌ 4,000 ኪሎ ሜትር ያህል፣ አምስት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ ሮምም ከአዲስ አበባ ከዚህ ብዙ አይርቅም። «ቅርብ እኮ ነው» ይላሉ እናቶች፤ «አምስት ሰዓት ተኩል!» ለካህን እንደሚናዘዝ ሰው ዝቅ ባለ ድምፅ ደግሞ ልጁ ከሄደ ስንት ዓመት እንደሆነው ይነግሯችኋል። ወረቀት ሳይዝ፣ በኬንያና በታንዛኒያ፣ በማላዊና በሞዛምቢክ በምድር ለሄደው ያው አምስት ሰዓት ተኩል ወራት ሆኖ ነው የሚቆጠረው፤ ያልደረሱም አሉ። በእሱ ላይ አልቀልድም። የምቀልደው ከዚያ በኋላ ባለው ነው። ያ በወራት የደረሰ ልጅ ዛሬ በቪዲዮ ሲደውል «እማዬ፣ ኔትወርኩ ዘገየብኝ፣ አንድ ደቂቃ ጠበቅሁ እኮ» ብሎ ይነጫነጫል።

እናቶቻችንም ቢሆኑ ከዘመኑ አልቀሩም። አውሮፕላን ሰማይ ላይ ሲሄድ የሚያሳየውን የስልክ መተግበሪያ የካፌው ልጅ ካሳያቸው ወዲህ ልጅ በተሸኘ ሌሊት የሚተኛ የለም። ቢጫዋ አውሮፕላን ስንዝር ስንዝር እያለች ካርታው ላይ ትሳባለች። «የት ደረሰ?» «ግብጽ ገባ።» «ተመስገን።» «አሁንስ?» «አሁንም ግብጽ ነው።» «ይሄ ግብጽ የሚባል አገር አያልቅም እንዴ?» ከፍታው 11,000 ሜትር እንደሆነ ሲነገራቸው አምበርቾን ሦስት ጊዜ ደራርበው ሊገምቱ ይሞክሩና ይተዉታል። ከሁሉ የገረመችኝ አንዷ ናት። ስልኩን ተቀብላ ብዙ አየችውና ለልጁ መለሰችለት፦ «እስቲ አጉላልኝ። ልጄ በመስኮት በኩል ነው የተቀመጠው።» ካፌ ውስጥ የነበርነው ሳቅን። ከዚያ አንድ በአንድ አንገታችንን ወደ ስልኩ አሰገግን።

የፈረንሣይን ነገር በአጭሩ ልለፈው። በ2015 ዓ.ም. ግንቦት ላይ በባቡር ከሁለት ሰዓት ተኩል ባነሰ ጊዜ የሚደረስበትን ቦታ በአውሮፕላን መሄድ ከለከሉ፤ ከፓሪስ ኦርሊ ወደ ሊዮን፣ ወደ ናንት፣ ወደ ቦርዶ የነበረው በረራ ቀረ። ለአየሩ ጭስ ሲባል ነው። ዜናው ሰፈራችን ሲደርስ ባለ ባጃጆቹ ደነገጡ። እንዲህ ያለ ሕግ እዚህ ቢመጣ፣ በእግር አስር ደቂቃ የማይሞላውን ከቤት እስከ ገበያ የምንሄድበትን ባጃጅ ይከለክሉናል ማለት ነዋ። እኔ ራሴ ጨጓራዬ ተላወሰ። ሰልባጅ ተራ ለመድረስ ስንት እርምጃ እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ የማውቀው ሂሳቡን ነው።

ይህን ሁሉ ያነሳሳው ግን ጋሼ ትናንት ያመጡት ወሬ ነው። ስኮትላንድ ሰሜን ጫፍ ላይ፣ ኦርክኒ በሚባሉ ደሴቶች፣ ዌስትሬይና ፓፓ ዌስትሬይ የሚባሉ ሁለት ኤርፖርቶች አሉ። በመካከላቸው ያለው ርቀት 2.7 ኪሎ ሜትር ነው። የሎጋንኤር አውሮፕላን ከ1967 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ጀምሮ ይመላለስበታል። በዓለም አጭሩ መደበኛ በረራ ነው፤ ሁለት ደቂቃ አይሞላም። ነፋሱ ሲስማማ በ53 ሴኮንድ ያረፈበት ጊዜም አለ።

ቡናው ላይ እንደገና ጸጥታ ሆነ። 53 ሴኮንድ! ሰው ቀበቶውን እስኪያስር? ዕጣኑን የምታጨሰው ልጅ «ታዲያ ሻንጣ ያስረክባሉ?» ብላ ጠየቀች። አንዷ «ለሽኝቱስ በግ ያርዳሉ?» አለች፤ ሁለት ጊዜ ከበላንበት ቤት ናት፣ አሁንም ተስፋ አልቆረጠችም። የሂትሮዋ ጎረቤቴ «ወረፋው እንዴት ነው?» አሉ። ጡረታ የወጡ የሚኒባስ ሾፌር ግን እስከዚያ ድረስ ዝም ብለው ነበርና ሲኒያቸውን አስቀምጠው ዋናውን ጥያቄ ጠየቁ፦ «ሲሞላ ነው የሚነሳው?»

«በሰዓቱ ነው እንጂ! ሞላም አልሞላም ይነሳል» አሉ ጋሼ። «ደግሞ ትንሽ ናት። የምትጭነው ስምንት ሰው ነው።»

«ስምንት?» ሾፌሩ ቀና አሉ። «ሌላ ሦስት በትርፍ ይገባል።»

«አይገባም። ቦታ ከመጥበቡ የተነሳ አንዱ መንገደኛ እንኳ የሚቀመጠው ከፓይለቱ ጎን ነው።»

ይህን እስኪሉ ነበር የጠበቅነው። ለንደን ዳገት ይሁን ቁልቁለት፣ ማክሰኞ ትለቅ አትለቅ፣ ሁሉም ተረሳ። የቤቱ እመቤት ጀበናውን እንደያዘች፣ የሂትሮዋ ጎረቤቴ ከመከዳቸው ቀና ብለው፣ እኔም አፌ ቆሎ እንደሞላ፣ ሦስታችን በአንድ ድምፅ ጮኽን፦

«ጋቢና የእኔ ነው!»